ከሙዚየሙ ስንወጣ የት እንሂድ? ስለ ፒያሳ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ፒያሳና ስለ ዓድዋ ድል መታሰቢያ አካባቢ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ሰው ሁሉ ሲቀባበለው ሰንብቷል። ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። ፒያሳ አርጅታ ነበር፤ ከፈረሰው ውስጥ ሊድን የሚገባው ነገር አልነበረም። አሁን ትልቅ ሙዚየም አለን፤ መዝናኛው እሱን ተከትሎ ራሱ ይመጣል፤ ስፔን ውስጥ ቢልባኦ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ዱባይም ያደገችው አሮጌውን አፍርሳ ነው። አዝማሪ ቤቶችና የምሽት ቤቶች ከመሀል ከተማ ቢወጡ ለቤተሰብ ይሻላል። ይህን የሚቃወሙት ደግሞ ትዝታ የያዛቸው ሰዎች ናቸው።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ለከተማዋ እንደሚያስቡ ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። እኔም ከተማዬን ስለምወድ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት።

መጀመሪያ የምንስማማበትን ልናገር። ሙዚየሙ መሠራቱ ትክክል ነው። ቦታውም ትክክል ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ነገር ለማሰብ ከዚያ የተሻለ ቦታ አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ባንድ በኩል ታቦቱ ወደ ዓድዋ የዘመተው ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። በሌላ በኩል በ1923 ዓ.ም. የቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አለ። የካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን ይዘው የሚገቡ ወላጆችን ሳይ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ክርክሬ ከሙዚየሙ ጋር አይደለም። ክርክሬ ሙዚየም ብቻውን ሰፈር ይሆናል ከሚለው ሐሳብ ጋር ነው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ ልግባ። የመጀመሪያው፣ ቤቶቹ በስብሰው ነበር የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ በስብሰው ነበር። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ በሚባሉት የፒያሳ ሰፈሮች ውስጥ አንድ መጸዳጃ ለብዙ አባወራ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ሰው በላስቲክ ጣሪያ ይሸፍን ነበር። እንዲህ ያለ ኑሮ ይቀጥል የሚል ሰው አላየሁም፣ እኔም አልልም። ጸሐፊው የዘለሉት ግን ለምን በሰበሱ የሚለውን ጥያቄ ነው። መልሱ ዕድሜ ብቻ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው የፒያሳ ቤት ወይ የቀበሌ ሆነ ወይ የኪራይ ቤቶች። ኪራዩ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ለተከራዩ ጥሩ ሆነለት፤ ቤቱ ግን ባለቤት አጣ። በዚያ ኪራይ ጣሪያ አይቀየርም። ተከራዩ ከኪሴ ላድስ ቢል ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱን ለማግኘት ደጅ ይጠናል። በዚያ ላይ በየዓመቱ «ይፈርሳል» የሚል ወሬ አለ። ነገ ይፈርሳል የተባለ ቤት ላይ ማን ገንዘቡን ያፈሳል?

የጭቃ ቤት ጠላቱ ውኃ ነው። ቆርቆሮው ካላፈሰሰና የድንጋይ መሠረቱ ከስር ውኃ ካልመጠጠ፣ ጭቃና እንጨት መቶ ዓመት ይሄዳል። አንድ ቆርቆሮ ከተቀደደ ግን ውኃው በግድግዳው ውስጥ ማገር ለማገር ይወርዳል። ጭቃው ያብጣል፤ ልስኑ ይረግፋል፤ ቋሚው ከሥሩ ይበሰብሳል። ከውጭ የሚያየው ሰው «አርጅቷል» ይላል። የጎደለው ግን በጊዜው የተመታ ቆርቆሮ ነው። በምኒልክ ዘመን አርመኖች፣ ህንዶችና ግሪኮች ከኢትዮጵያውያን አናጺዎች ጋር የሠሯቸው በረንዳ ያላቸው፣ እንጨታቸው የተፈለፈለ ቤቶች በዚህ መንገድ ነው ያለቁት።

ለመዳን የሚችሉ ስለመሆናቸው ማስረጃው ሩቅ አይደለም። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየም የራስ ብሩ መኖሪያ ነበር። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ቤተ መንግሥት ነበር፤ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል አሁንም ይጎበኛል። ሐረር ሂዱ። በግንብ በታጠረው የድሮው ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም፣ አንድ ሐረሪ በግሉ የሰበሰበው ቅርስ፣ ያለው ተፈሪ መኮንን ኖረውበታል በሚባል አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ጎብኚው ከዚያ ሲወጣ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ይቀበለዋል፤ «ጌይ ጋር» የሚባሉት የሐረሪ ቤቶች፣ ልብስ ሰፊዎቹ፣ ገበያው። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበው ግንቡ ስላለ ብቻ ሳይሆን ሰው ስላለበትም ጭምር ነው። ከእኛዎቹ ተወዳጅ ሙዚየሞች ብዙዎቹ ሰው የኖረበት ቤት ውስጥ መሆናቸውን ጸሐፊው ቢያስቡበት ደስ ይለኝ ነበር። የጣይቱ ሆቴልም ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት መንግሥት ሲለዋወጥ እዚያው ቆሟል፤ ጥር 2007 ዓ.ም. የደረሰበት ቃጠሎ እንኳ ታሪኩን አልጨረሰውም።

ሁለተኛው የቢልባኦ ነገር ነው። ይህ ምሳሌ በየስብሰባው ይነሳል፤ ሁሌም ግማሹ ብቻ ነው የሚነገረው። አዎ፣ የጉገንሃይም ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1997 ተከፍቶ ከተማዋን በዓለም አሳወቃት። ግን ሙዚየሙ ከመከፈቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የቢልባኦ ሜትሮ ሥራ ጀምሯል። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ የፋብሪካ ቆሻሻ የሞላው ወንዛቸው እየጸዳ ነበር። የድሮው ከተማም፣ «ሰባቱ ጎዳናዎች» የሚባለው፣ አልፈረሰም። ጎብኚው ጠዋት ሙዚየሙን ያያል፤ ማታ ወንዙን ተከትሎ ወደ ድሮው ከተማ ይሄዳል፤ እዚያ ከትንንሽ መጠጥ ቤቶች አንዱ ጋ ቆሞ ይበላል፣ ይጠጣል። ገንዘቡን የሚያወጣው እዚያ ነው። የቢልባኦን ታሪክ እንደ ምሳሌ ከወሰድን ሙሉውን እንውሰድ። ትራንስፖርቱን፣ ወንዙን፣ የድሮውን ሰፈር፣ ከዚያ ሙዚየሙን።

የዱባይን በአጭሩ ልለፈው። ክሪክ በሚሉት፣ ወደ ከተማዋ በሚገባው የባሕር ውኃ ዳር ባስታኪያ የሚባለው፣ የንፋስ ማማ ያላቸው ቤቶች የቆሙበት ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከፊሉ ፈርሷል። የቀረው ግን እንዳይፈርስ ተደርጎ ታድሷል። ዛሬ አል ፋሂዲ ይባላል፤ ጋለሪና ትንንሽ ሙዚየም የሞላበት ነው። አንዱ የቡና ሙዚየም ነው፤ የእኛም የቡና ሥርዓት ቦታ አለው። ዱባይ የምትኖሩ ወገኖቻችን እንግዳ ሲመጣባችሁ የት እንደምትወስዱት ታውቃላችሁ። ዶሃም ምሽይረብ ላይ አራት የድሮ ቤቶችን አስቀርታ ነው ሙዚየም ያደረገችው። ዱባይ ሁሉን አፍርሳ አደገች የሚለው አባባል ራሷ ዱባይ የተወችው መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጸሐፊው አዝማሪ ቤቶችንና የምሽት ቤቶችን በሁለት አንቀጽ ነው የጨረሷቸው። ስካር አለ፣ ጩኸት አለ፣ ለቤተሰብ አይመችም፣ ስለዚህ ወደ ዳር ይውጡ ይላሉ። ሙዚቃው ደግሞ ትልቅ የባህል አዳራሽ ሲሠራ እዚያ ይቀርባል ይላሉ።

እስቲ አንድ አዝማሪ ቤት ውስጥ እንግባ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሠላሳ አርባ ሰው ቢይዝ ነው። መቀመጫው ዱካ ነው። መሰንቆ ተጫዋቹ መድረክ የለውም፤ ጉልበትህ አጠገብ መጥቶ ይቆማል። ያይሃል። ከማን ጋር እንደተቀመጥክ ያያል፤ ጫማህን ያያል፤ ስምህን ከጓደኛህ ጆሮ ላይ ይጠይቃል። ከዚያ በአንተ ላይ ሁለት ስንኝ ይደረድራል። ቤቱ ይስቃል። አንተም «ተቀበል!» ብለህ የራስህን ስንኝ ትሰጠዋለህ፤ እሱ ተቀብሎ አዙሮ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል፤ በመሀል ከጎኑ ያለችው ድምፃዊት ትገባና ሁለታችሁንም ትረታችኋለች። የተሸነፈ ሰው ብር አውጥቶ የአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ሰምና ወርቅን በመጽሐፍ የተማርን ሰዎች እዚያ ስንቀመጥ ሕያው ሆኖ እናየዋለን።

ይህ ነገር ሦስት መቶ ወንበር ባለው አዳራሽ ውስጥ አይሆንም። ማይክሮፎን ይዞ መድረክ ላይ የቆመ አዝማሪ ጫማህን አያይም፤ አንተም «ተቀበል» ብትል አይሰማህም። ይህን ሥራ የሚሠራው የክፍሉ ጠባብነት ነው። የአዝማሪ ቤት ግጥም ከቤቱ ጋር የተወለደ ነው፤ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል አይቻልም። በትልቅ አዳራሽ የሚቀርበው የባህል ምሽት ጥሩ ነገር ነው፤ ለብቻው ይኑር። የአንዱ መኖር ሌላውን አይተካም።

ለዘፋኞችም እንደዚያው ነው። አንድ ወጣት ድምፃዊ የራሱን ሥራ እስኪያወጣ ድረስ በክለብ የሌሎችን ዘፈን እየዘፈነ ነው ድምፁን የሚያበስለው። በዚያ ያልፋል፣ ከባንዱ ጋር መናበብን ይማራል፣ ሰው ሲሰለች ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የፒያሳና የአካባቢው የሙዚቃ ታሪክ የዚህ ታሪክ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቲያትር እዚያው ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወርዱ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ልጅ ሆኖ የገባው እዚያ ነው። ውቤ በረሃ በንጉሡ ዘመን ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ ሰፈር ነበር። ከዚያ ደርግ መጣና የሰዓት እላፊ ታወጀ። ሰው ቤቱ በጊዜ መግባት ነበረበት፤ ያመሸ ደግሞ እስኪነጋ ድረስ በር ተዘግቶበት እዚያው ያድር ነበር። የምሽት ሕይወት በዚያ ዘመን እንዴት እንደቀጨጨ ታላላቆቻችንን መጠየቅ ነው። ካዛንቺስ ላይ አዝማሪ ቤቶች በረድፍ የተከፈቱት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። አንድ ትውልድ ያህል ጊዜ ወሰደ ማለት ነው። አንዴ የተዘጋ የምሽት ሰፈር በአዋጅም በሕንፃም ቶሎ አይመለስም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ካዛንቺስም ተነሥቷል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ ሲፈርስ አዝማሪ ቤቶቹም አብረው ሄዱ። ለዓመታት የውጭ ሙዚቀኛውም፣ የሰፈሩ ሰውም፣ ተማሪውም የሚገናኝበት የዳንሰኛው የመላኩ በላይ የባህል ማዕከል፣ ፈንዲቃም ከቆየበት ግቢ ለቀቀ። የጃዝ ቤቱ ጃዛምባ ደግሞ ቀደም ሲል በጣይቱ ሆቴል ቃጠሎ ጠፍቷል። እነዚህ ቤቶች የከተማዋ የሙዚቃ አድራሻዎች ነበሩ። አንድ የውጭ እንግዳ ጠዋት አምስት ኪሎ ድንቅነሽን አይቶ፣ ከሰዓት ዓድዋን ጎብኝቶ፣ ማታ «የኢትዮጵያን ሙዚቃ የት ልስማ?» ሲለኝ ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጡት እነሱ ነበሩ። ጸሐፊው ቱሪዝምን አሥር ጊዜ ያነሳሉ። ቱሪስቱ የሚያድረው ማታው ስላለ መሆኑን ግን አንድ ጊዜም አላነሱም።

ስካሩና ጩኸቱ? አለ፤ አልክድም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ድምፅ ማጉያ መስኮቱ ሥር የሚጮህበት ሰው መቆጣቱ ትክክል ነው። ልጆቿን ይዛ የምታልፍ እናትም መንገዱ ላይ የሚወላገድ ሰው ማየት የለባትም። ለዚህ ግን መፍትሔ አለው። የድምፅ ልክ ይወጣል፤ ያለፈ ይቀጣል፤ መንገዱ መብራት ይገባለታል፤ ፈቃድ ሲታደስ የጎረቤት ቅሬታ ይታያል። ሰፈር ሙሉ ከማንሳት ይህ ይቀላል። ደግሞስ ፒያሳ የቤተሰብ መዝናኛ አልነበረም ያለው ማነው? ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር፣ ኬክ ቤቶቹ፣ ቶሞካ ጋ ቆመው የሚጠጡት ማኪያቶ፣ ለሙሽራ ቀለበት የሚመረጥባቸው ወርቅ ቤቶች፣ «ማሕሙድ ጋ ጠብቂኝ» ብለው ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ የተቀጣጠሩ ፍቅረኞች፤ ይህ ሁሉ የቤተሰብ ፒያሳ ነው። የምሽቱም የቀኑም ሰው በአንድ መንገድ ነበር የሚሄደው።

ትዝታ የያዛቸው ናቸው ለሚለው ብዙ አልልም። እኔ የማወራው ስለ ኪራይና ስለ ሰዓት ነው።

ኪራዩ እንዲህ ነው። የፒያሳ ትንንሽ ቤቶች በሕይወት የቆዩት ኪራያቸው ትንሽ ስለነበር ነው። በዝቅተኛ ኪራይ አሮጌ ካሴት የሚሸጥ ሰው ይኖራል፤ ሰዓት የሚጠግን ይኖራል፤ ስድስት ዱካ ያላት ቡና ቤት ትኖራለች። አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ምድር ቤቱ ውድ ይሆናል። ውዱን ኪራይ የሚችለው ማነው? ከተማዋን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ በአብዛኛው ባንክ ነው። ባንክ ይኑር፤ ሁላችንም እንጠቀማለን። ግን ባንክ ወደ ማታ ይዘጋል። የብረት መዝጊያው ይወርዳል፤ ዘበኛው ወንበሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ያለው የእግረኛ መንገድ ጭር ይላል። አንድ ባንክ ምንም አይደለም። ከሙዚየሙ በር ጀምሮ እስከ ቸርችል ጎዳና ድረስ ምድር ቤቱ ሁሉ እንዲህ ከሆነ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመዝናኛ ሰፈር የሚባል ነገር የለም። ያማረ የእግረኛ መንገድ፣ ያማረ መብራት፣ የሚሄድበት ሰው የሌለው።

ሰው የሚኖርበት ሰፈር ደግሞ ማታ የሚያስፈራ አይሆንም። መስኮት ላይ መብራት አለ፤ ሱቅ ክፍት ነው፤ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ልጅ አለ። ከካዛንቺስ የተነሱት ብዙዎቹ ከከተማዋ ዳር ገላን ጉራ ገብተዋል። ቤቱ ከድሮው የተሻለ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን መሀል ከተማው ማታ ሰው አልባ ሲሆን ዋጋውን የሚከፍለው ሙዚየሙም ጭምር ነው። ሙዚየም በጎረቤት ይደምቃል።

ስለዚህ ጸሐፊው «ሌላ ምን ይደረግ ነበር?» ብለው ለጠየቁት መልስ አለኝ። ያለፈው አልፏል፤ የፈረሰውን አልመልስም። ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ ግን ያላለቀ ቦታ አለ፤ የሚሠራ ሕንፃ አለ፤ ያልተፈረመ ውል አለ። መሬቱ የሚሰጠው በሊዝ ነው። ለሚያለማው ሰው ቦታው ሲሰጥ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ፎቅ እንደሚሆን በውሉ ላይ ይጻፋል። እዚያው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። ከሙዚየሙ ዙሪያ ያለ ሕንፃ ከምድር ቤቱ የተወሰነው ክፍል ጠባብ ጠባብ ሆኖ ይከፈል፤ ኪራዩም የተገደበ ይሁን፤ ለአዝማሪ ቤት፣ ለሙዚቃ ቤት፣ ለመጻሕፍት ቤት፣ ለቡና ቤት ይሰጥ። ቅድሚያ ደግሞ ከዚያው ሰፈር የተነሱት ያግኙ። ስማቸው በወረዳው መዝገብ ላይ አለ፤ ስንት ዓመት እንደሠሩበትም ይታወቃል።

ቆመው የቀሩት ቤቶች ደግሞ አሁኑኑ ጣሪያቸው ይታይ። ለጥናት ዓመት አይጠበቅ፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቆርቆሮ ይመታ፤ አሸንዳው ይጠረግ። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ካለ ብዙ ዓመቱ ነው። የተመዘገበ ቤት በር ላይ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደኖረበት የሚናገር ሰሌዳ ይለጠፍ። ልጆች ከሙዚየሙ ወጥተው እያነበቡ ይሂዱ።

የማዘጋጃ ቤቱ ቲያትር አዳራሽ፣ ሀገር ፍቅር እና ሙዚየሙ በእግር የሚያገናኛቸው መንገድ ነው ያለው። ሦስቱ በአንድ ቀን የሚታዩበት የጋራ ትኬት ይኑር። ሙዚየሙም ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን እስከ ማታ ድረስ ክፍት ይሁን፤ ሠራተኛው ሰው ከሥራ ወጥቶ እንዲገባ።

መጓጓዣው ከሁሉም ይቀድማል። ባቡሩ ምኒልክ አደባባይ ድረስ ይደርሳል፤ ሐዲዱ አለን። ቲያትር ሦስት ሰዓት ላይ ሲያልቅ ግን ከቃሊቲ የመጣች ልጅ በምን ትመለሳለች? ታክሲው ሲመሽ ይጠፋል፤ የተገኘውም ዋጋውን እጥፍ ያደርጋል። ይህን የምታውቅ ልጅ ትኬቱን መጀመሪያውኑ አትገዛም። ቅዳሜና እሑድ ማታ እስከ አምስት ሰዓት የሚሠራ ባቡር፣ ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ መገናኛና ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄድ የማታ አንበሳ አውቶቡስ ይመደብ። ለሙከራ ከዓድዋ በዓል ሰሞን ይጀመር። ያኔ ጸሐፊው «ራሱ ይመጣል» ያሉት መዝናኛ የሚመጣበት መንገድ ይኖረዋል።